ፎገራን በኮንትራት መኪና

ባህር ዳር እንግዳ ሲመጣ ሁላችንም የምንሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው። ጠዋት በጀልባ ወደ ገዳማቱ፣ በማግስቱ ጢስ ዓባይ፣ ማታ ማታ አሳ። ጥሩ ምክር ነው። እኔ ግን አንድ ቀን ትርፍ ላለው ሰው ሌላ ነገር እጨምራለሁ፤ መኪና ኮንትራት ያዙና ከጣና በስተምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳ አቋርጡ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ጉዞ ስለያዝነው ሚኒባስና ስለ ሾፌሩ ነው። አገልግሎቱን ወድጄዋለሁ። ያልወደድኩትም አለ፣ እሱንም አልደብቅም።

ሐሳቡን ያመጣው ወንድሜ ነው። የሚኖረው ካናዳ፣ ሳስካቸዋን ነው። እዚያ ሰው በእነሱ በጋ ነዳጁን ሞልቶ ሜዳ ለማየት ብቻ ይነዳል። ከዊኒፔግ እስከ ካልጋሪ ያለው መንገድ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ማኒቶባን፣ ሳስካቸዋንን፣ ከዚያም የአልበርታን ሜዳ ያቋርጣል። በእኛ ሐምሌ አካባቢ ካኖላ የሚባለው የዘይት እህል ሲያብብ አገሩ እስከ አድማስ ቢጫ ይሆናል። ከሩቅ ብቅ ብሎ የሚታየው የእህል ማከማቻ ማማ ብቻ ነው። ፎቶውን ሲያሳየኝ "ይኼማ የእኛ ኑግ አይደል እንዴ!" አልኩት። ሳቀ። "እንግዲያው የእኛን አሳዪኝ፣ እትዬ" አለ።

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የጉናን ተራራ፣ ከእሱ የሚነሱትን ርብንና ጉማራን፣ ወንዞቹ ለዘመናት ያወረዱት ደለል ጣና ዳር ተኝቶ የሠራውን ሜዳ ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬአለሁ። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ሜዳው ከሐይቁ ጋር ተካክሎ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቷል። ይህን ሁሉ ከአንድ መኪና መስኮት ማየት ይቻላል። ችግሩ ሰው ሁሉ ጎንደር ለመድረስ ይቸኩላል፣ የሜዳውን ከተማ ወረታን የሚያልፋትም እንቅልፉን እየለጠጠ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው መኪና ወደሚያከራይ አንድ ቢሮ ነበር። ስሙን አልጠራም። ዋጋችን የጎንደር ደርሶ መልስ ነው፣ መንገድ ላይ መቆም ካለ በሰዓት ይታሰባል አሉን። ከአስፋልት መውጣት ጭራሽ አይሞከርም። እሺ ብለን ቀብድ ከፈልን። በዋዜማው ማታ ተደወለ። የተስማማንበት መኪና ሌላ ሥራ ወጥቶበታል፣ በሱ ፋንታ ቪትዝ እንስጣችሁ ተባልን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ቪትዝ ውስጥ ከኋላ ተጣጥፋ ቀኑን ሙሉ ልትቀመጥ አትችልም። ቀብዱን እስክናስመልስ የተጉላላነውን ተዉት። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ስለ ሜዳው ስንነግራቸው "እዚያ ደግሞ ምን አለ?" ማለታቸው ነው። እንግዳ በማጓጓዝ እንጀራ የሚበላ ሰው እንዲህ ማለት አልነበረበትም።

ሁለተኛውን ሾፌር ያገናኘችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እንላቸዋለን። የራሳቸው ዶልፊን ሚኒባስ አላቸው። ስደውልላቸው ከዋጋ በፊት የጠየቁኝ "የት የት ነው የምትቆሙት?" ብለው ነው። ቀጠሉና "ትልቅ ሰው አለ?" አሉ። እናቴ አለች ስላቸው "እንግዲያው ጋቢና ለእሳቸው ነው" አሉ። እዚያው ልቤ አረፈ።

ውሉን በቃል ቢሆንም ዘርዝረን ነው የተነጋገርነው፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ነዳጁ በማን ነው? የሾፌሩ ምሳ በማን ነው? ስንት ሰዓት ተነስቶ ስንት ሰዓት መመለስ ነው? ከአስፋልቱ ወደ ጥርጊያ መንገድ መግባት ይቻላል ወይ? መንገዱ ቢዘጋና ከግማሽ ብንመለስ ሒሳቡ እንዴት ይሆናል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በዚህ ዘመን የግድ ነው። ጋሼ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ማታም፣ ጠዋትም መናኸሪያ ደውለው ጠየቁ። ከመጨለሙ በፊት ከተማ እንደምንገባም ቁርጥ አድርገው ነገሩን። ቸል የሚል ሾፌር ካጋጠማችሁ ዋጋው ቢረክስም ተዉት። የዋጋውን ነገር በቁጥር አልጽፍም፤ ነዳጅ በተወደደና በጠፋ ቁጥር ይለወጣል። ለማነጻጸር ግን ቢሮው ለደርሶ መልስ ብቻ የጠራውን ያህል ነው ጋሼ ማቆሚያውን ሁሉ ጨምረው የተስማሙት።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ነበሩ። ስኮርታውንና ክሪኩን ሳልጠይቃቸው ከፍተው አሳዩኝ። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻገርን። በግንቦት 2016 የተመረቀው ነው፣ 380 ሜትር ይረዝማል። ወንድሜ ከሄደ በኋላ የተሠራ ስለሆነ አንገቱን አውጥቶ ያይ ነበር። ዘንዘልማ፣ ሐሙሲት እያልን ወጣን። እስከ ሐሙሲት ያለው ኮረብታማ ነው፣ ብዙ አያስቆምም። ሻይ ለመጠጣት ካልሆነ በቀር እለፉት።

ሜዳው የሚከፈተው ወደ ጉማራ ስትቃረቡ ነው። ኅዳር ስለነበር ጉም ከመሬቱ ገና አልተነሳም። ድልድዩን አለፍ እንዳልን የፎገራ ከብት መንጋ አስፋልቱን ያዘው። የፎገራ ላም ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ናት፣ ቀንዷ አጭር፣ ጠባይዋ ገር። ውሃ የሚተኛበትን መሬት የለመደ ዝርያ ነው፣ በወተቱም የታወቀ። ከባህር ዳር በጢስ ዓባይ መንገድ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ብዙ ዘመን የደከመበት ነው። አንድ ኮርማ መሐል መንገድ ላይ ቆመና ወደ መኪናው ዞሮ አየን። ከኋላችን ያለው አይሱዙ ጥሩምባውን ያዘው። ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ለአይሱዙው ቆይ የሚል ምልክት ሰጡ። እረኛው ልጅ እየሮጠ መጣ፣ ኮርማውን በዱላው ጫፍ ትከሻው ላይ ነካ አደረገው፣ በስሙም ጠራው። ኮርማው ቀስ ብሎ ወረደ። እማዬ "እደግ፣ የኔ ልጅ" አለችው። ወንድሜ ፎቶ አነሳ፣ ጋሼም ልጁ እስኪርቅ ሞተሩን አላስነሱም። ቢሮው በሰዓት ሊያስከፍለን የነበረው እንዲህ ያለውን ነው።

ወረታ ከባህር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከተማዋ ሩዝ ሩዝ ትሸታለች ብል አላጋነንኩም። የመፈልፈያ ወፍጮዎቹ በየመንገዱ ያንጓጓሉ። ገለባው ክምር ክምር ሆኖ ይታያል። ሸራ ላይ የተሰጣውን ሩዝ አንዲት ሴት በባዶ እግሯ እየጠረገች ታገላብጠው ነበር፤ እግሯ ያለፈበት ሁሉ ቦይ ቦይ ይሠራል። ጋሼ መኪናውን ከሸራው ራቅ አድርገው አቆሙት፣ አቧራ እንዳይሄድባት። ወንድሜ ፎገራ ውስጥ ሩዝ መመረቱን ያውቃል፣ ይህን ያህል መሆኑን ግን አያውቅም። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የተጀመረ ነው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው እዚሁ አካባቢ ካለው የጅግና ቀበሌ ነው። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ቀድሞ ውሃ ተኝቶበት በክረምት ለምንም የማይሆን የነበረው መሬት ሩዝ ያበቅላል። ሩዙ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ደግሞ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ቁርስ የበላነው እንጀራም ጤፍና ሩዝ የተቀላቀለበት ነው፣ ነጣ ያለ፣ ለስለስ ያለ። ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ትኩሱን ብሉ።

ከወረታ ወደ ናቤጋ የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ የጉዞው ሁሉ ዋጋ ነው። አፈሩ መረሬ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፣ መኪና ቀርቶ ሰውም በጀልባ የሚሄድበት ቦታ አለ። በኅዳር ግን ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ሚኒባስ በቀስታ ይሄድበታል። ጋሼ ሁለት ጊዜ ወርደው መንገዱን በእግራቸው ረግጠው አዩት። ከታጨደው ሩዝ መሐል ግራጫ፣ ረጃጅም እግርና አንገት ያላቸው ወፎች በመንጋ ይለቅሙ ነበር። ከአውሮፓና ከሩሲያ ወገን የዚያን አገር ብርድ ሸሽተው እዚህ ጣና ዳር የሚያሳልፉ ናቸው። ወንድሜ ዝም አለ። ቆይቶ ሳስካቸዋን ውስጥ ላስት ማውንቴን ሌክ የሚባል ሐይቅ እንዳለ ነገረኝ። የዚሁ ወፍ ዘመዶች በመኸር ወደ ደቡብ ሲሄዱ ያርፉበታል። ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወፎች ተብሎ የተከለለ ነው፣ በሰሜን አሜሪካ ከሁሉ ቀዳሚው። የእኛ ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት የሚጠበቅ አካባቢ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ይህን ለመንገደኛ የሚነግር አንድ ሰሌዳ አላየሁም። ወረዳውም ሆነ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ጥላ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት። ለእማዬ መጸዳጃ ፍለጋ ወረታ ድረስ መመለስ ነበረብን።

ርብን ተሻግረን በአዲስ ዘመን በኩል እስከ ጉዛራ ሄድን። ሽንኩርት በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፣ ገዛን። ጉዛራ እንፍራንዝ አጠገብ ከመንገዱ በላይ ኮረብታ ላይ ያለው ግንብ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሠርፀ ድንግል እንደተሠራ ይነገራል፣ የጎንደርን ግንቦች ይቀድማል። መውጫው ለእማዬ ስለከበዳት ከጋሼ ጋር መኪናው ዘንድ ቀረች። እኛ ከላይ ሆነን የመጣንበትን ሜዳና ጣናን አንድ ላይ አየን። ትምህርት ቤት ያለው ካርታ ላይ አረንጓዴ ቀለም ሆኖ የኖረው ነገር ከእግሬ ሥር ነበር፤ ተማሪዎቼን ሁሉ እዚህ ባመጣኋቸው አልኩ፣ አሁንም እላለሁ።

የአገልግሎቱ ጉድለት እነዚህ ናቸው። የመኪናው ማቀዝቀዣ አይሠራም፤ ናቤጋ ላይ መስኮት ሲከፈት አቧራ፣ ሲዘጋ ወበቅ ነው። የመጨረሻው ወንበር ጥርጊያ ላይ ወገብ ይቆርጣል፣ እዚያ ዕቃ ይቀመጥበት እንጂ ሰው አይቀመጥ። ደረሰኝ አይሰጡም፣ ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ሒሳብ አይሆንም። ሲመለሱ ደግሞ ሬዲዮኑን ከፍ ማድረግ ይወዳሉ። "ጋሼ፣ ትንሽ ይቀንሱልን" ስላቸው ወዲያው ቀነሱት፣ አልተቀየሙም። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገባን፤ የቀረውን ሒሳብ ሲቀበሉ ከተስማማነው አንድ ብር አልጨመሩም።

ወሩን በሚመለከት፣ ነሐሴን ተዉት። ቢጫውን የሚፈልግ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ይሂድ፤ አደይም ኑግም ያኔ ነው። ሩዝ አጨዳና ወፎች የሚፈልግ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሂድ። ወንድሜ ቢጫውን ስላላየ የሚቀጥለውን ፈቃዱን መስከረም ላይ ሊያደርግ ነው። ከጋሼ ጋርም ከአሁኑ ተነጋግረናል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ደንቢያን ጨምረን ጎርጎራ ድረስ እንሄዳለን፣ ዋጋውን ያኔ ባለው ነዳጅ እንቆርጣለን።