ከጦርነት ማግስት፦ አንድ ግዙፍ ፋብሪካ ወይስ መቶ ትናንሽ ጣቢያዎች?

ሞዛምቢክ በ1992 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የትልቁን ባለሀብት ደጅ ጠናች፤ ተሳካላትም። ማፑቶ አጠገብ የተተከለው የሞዛል አሉሚኒየም ፋብሪካ በ2000 ማምረት ጀመረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። ከጦርነት ለወጣች አገር ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ አይገኝም። ነገር ግን የአሉሚኒየም ጥሬ ዕቃ የሆነው አሉሚና ከአውስትራሊያ በመርከብ ይመጣ ነበር፣ ኤሌክትሪኩ የሚገዛው ከደቡብ አፍሪካ ኩባንያ ነበር፣ ምርቱም ተመልሶ ወደ ውጭ ይጫን ነበር። ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር ከሽያጩ 1 በመቶ እንዲሆን ተፈቅዶለት ነበር። እኔ ብሆን ትንሽ ጠንከር ብዬ እደራደር ነበር።

ሩዋንዳ ሌላውን መንገድ ታሳያለች። ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በፊትም ቡና ነበራት፤ ያጣችው እሸቱ ተፈልፍሎ የሚታጠብበት ማጠቢያ ጣቢያ ነው። ገበሬው ቡናውን ጓሮው ውስጥ ፈልፍሎ እንደ ነገሩ አድርቆ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ከ2000 ወዲህ ግን ነጋዴዎችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት በየኮረብታው ጣቢያ ተከሉ። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጣቢያው መቅረብ አለበት፣ ለመንገዱ፣ ለሚዛኑና ለንጹሕ ውኃውም የሚያስብ ሰው ይገኛል። ይርጋጨፌን ያየ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል፦ በማድረቂያው አልጋ ዙሪያ የቆሙ ሴቶች፣ ፍሬ በፍሬ የሚለቅሙ ጣቶች።

እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ፤ ገንዘቡ ገበሬው እጅ ይገባልና። እርግጥ የቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ ላይ በወደቀ ቁጥር ኮረብታው ሁሉ አብሮ ይንገዳገዳል።