ትሪኒትሮን ከወራት በኋላ፦ የሠርግ ካሴት ላላችሁ

ይህን ያገለገለ ባለ 21 ኢንች ሶኒ ትሪኒትሮን፣ ማለትም ፍላት ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን፣ የገዛሁት የአክስቴን የሠርግ ካሴት ለማየት ነው። ወራት ቢያልፉም ዛሬም የምመሰክርለት በዚያው ነው።

ካሴቱን መጀመሪያ በፍላት አየነው። እስክስታው ላይ የትከሻው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል፤ የካባው የወርቅ ጥልፍ ደፍርሶ ቡኒ ይሆናል። የቪኤችኤስ (የድሮው ቪዲዮ ካሴት) ምስል የሚመጣው በግማሽ በግማሽ ነው፤ መጀመሪያ አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው መስመር፣ ቀጥሎ በመሃል የቀሩት። ፍላቱ ሁለቱን አጣብቆ ለትልቁ ስክሪን ይለጥጠዋል። ትሪኒትሮኑ ግን እንደ አመጣጣቸው ይስላቸዋል። ዴኩን ስሰካው የጥልፉ ቅጠል ከነጠርዙ ታየ። አክስቴ ተጠግታ አየችና «አዎ፣ ካባዬ እንዲህ ነበር» አለች።

ይህ ቀለም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የአሜሪካው ኩባንያ አርሲኤ እ.ኤ.አ. በ1954 በ1000 ዶላር ለገበያ ያቀረበው ሲቲ-100 ባለቀለም ቴሌቪዥን ከስክሪኑ ጀርባ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ብረት ነበረው፤ ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚስለው የኤሌክትሮን ጨረር አብዛኛው እዚያው ይቀራል፣ ምስሉም ይፈዝዛል። ሶኒ በ1968 ቀዳዳውን ትቶ ከላይ እስከ ታች የተወጠሩ ስስ የብረት ክሮች አደረገ። ብዙ ጨረር አለፈ፣ ምስሉም ደመቀ። በ1973 የአሜሪካውን የቴሌቪዥን ሽልማት ኤሚን ያገኘበት ሥራ ነው፤ ይገባዋልም።

ስክሪኑ ነጭ ሲሆን ሁለት ስስ አግድም መስመሮች ይታያሉ። «ስክሪኑ ተበላሽቷል፣ አዲስ ፎርኬ (4K) ፍላት ውሰድ፣ ምስሉ ይጠራል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ወንድሜ፣ አልተበላሸም! ክሮቹ እንዳይርገበገቡ የሚይዟቸው ሽቦዎች ጥላ ነው፤ በትሪኒትሮን የተለመደ ነው። ፎርኬ ስላልከኝም ያ ካሴት አይጠራም፤ ካሴቱ ላይ ያልተቀዳውን ዝርዝር ከየት ታመጣዋለህ?

ክብደቱ ከባድ ነው፣ ለሁለት ነው የሚነሳው። እሱን እችለዋለሁ። የሚያሳስበኝ መለዋወጫው ነው፤ ምርቱ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፣ ፍላይባኩ (ለቱቦው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ክፍል) ቢቃጠል ከሌላ አሮጌ ቴሌቪዥን ተፈትቶ ካልሆነ አይገኝም። ቤታችሁ የሚሠራ ካለ እባካችሁ ለቆራሌው አትስጡት፤ መጀመሪያ ካሴት ያለው ዘመድ ጠይቁ።