ባለ 30 ቮልት፣ 5 አምፒሩ ፓወር ሰፕላይ ለኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሞባይል ጠጋኞች ጠረጴዛ ላይ የሚታየው፣ የቮልትና የአምፒር ማሳያ ያለው ፓወር ሰፕላይ ለትምህርት ቤት ኤሌክትሮላይሲስ (በኤሌክትሪክ ኬሚካላዊ ለውጥ ማምጣት) እጅግ ተስማሚ ዕቃ ነው። የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ላይ ተቸክሎ ይቀራል፤ ተራ የመኪና ባትሪ መሙያም አምፒር እንደልብ አያስመርጥም። ይኸኛው ግን ሁለቱንም በየማዞሪያቸው ያስይዛል፤ ገንዘብ የሚያወጣውም በዚህ ነው።

ቮልቱ የትኛው ሪአክሽን መጀመር እንደሚችል ይወስናል፤ አምፒሩ ደግሞ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ። ውሃን ለመበተን በስሌት 1.23 ቮልት ይበቃል። በተግባር ግን ጋዙ ኤሌክትሮዱ (ከገመዱ ጋር ተያይዞ ፈሳሹ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ወይም ሉህ) ላይ እንዲፈጠርና የፈሳሹ ሬዚስታንስ እንዲታለፍ ተጨማሪ ስለሚጠይቅ፣ አረፋው ደህና አድርጎ የሚታየው ወደ 2 ቮልት ሲጠጋ ነው። ማዞሪያውን ከዜሮ ቀስ እያሉ ሲያነሱት አምፒሩ ተኝቶ ቆይቶ መነሳት ሲጀምር ተማሪ በዓይኑ ያያል። ይህን ቻርጀር አያሳይም።

ዕቃው ብቃቱን የሚያሳየው ሌላ ብረት በመዳብ ሲለበጥ ነው። በአንድ ሊትር መፍትሔ ውስጥ 200 ግራም ኮፐር ሰልፌትና ከ50 እስከ 60 ግራም ሰልፈሪክ አሲድ ይግባ (አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል፣ ውሃ ወደ አሲድ ፈጽሞ አይጨመርም)። አኖዱ (ፖዘቲቩ ኤሌክትሮድ) መዳብ፣ ካቶዱ (ኔጌቲቩ) የነሐስ ሉህ ይሁን። የብረት ሚስማር አይሆንም፤ ገና ከረንት ሳይነካው ራሱ መዳብ ይጎትትና በጣት የሚላቀቅ ልባጭ ይይዛል። ወርዱም ቁመቱም 5 ሳንቲሜትር የሆነ ሉህ በሁለት ፊቱ 50 ስኩዌር ሳንቲሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ሳንቲሜትር 20 ሚሊአምፒር ሲታሰብ 1 አምፒር ይመጣል። በአንድ ሰዓት 1.19 ግራም መዳብ ያርፋል፤ ውፍረቱ 0.026 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

አሞላሉ እንዲህ ነው፦ ቮልቱን 3 ላይ፣ አምፒሩን ዜሮ ላይ ያድርጉ። ቀይና ጥቁሩን ገመድ አገናኝተው አምፒሩን እስከ 1.00 ያንሱ፤ ከዚያ ያላቁና ከኤሌክትሮዶቹ ጋር ያያይዙ፣ ቀዩ ከአኖዱ ጋር። የ«ሲሲ» መብራት ከበራ አምፒሩ ተይዟል ማለት ነው። «ሲቪ» ከበራ ግን 3 ቮልት አልበቃውም፤ ቮልቱን ከማንሳትዎ በፊት ክሊፑ ዝጎ፣ አሲዱ አንሶ ወይም ኤሌክትሮዶቹ ተራርቀው እንደሆነ ይዩ።

የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አምፒሩን አስሮ ቮልቱን 30 ላይ የተወ ሰው፣ አኖዱ ሽፋን ሲይዝ መሣሪያው 1 አምፒሩን ላለመልቀቅ ቮልቱን ሽቅብ ይነዳዋል። ያኔ አኖዱ ላይ መዳብ መሟሟቱ ቀርቶ ኦክስጅን ይወጣል፤ የመፍትሔው መዳብም እየተመናመነ ይሄዳል። አምፒሩ ሲበዛ ደግሞ የመዳብ አዮን ወደ ካቶዱ በሚፈለገው ፍጥነት ስለማይደርስ ሃይድሮጅን ይቀላቀላል፤ ልባጩም ጠቁሮ እንደ ዱቄት ይረግፋል።

ጉድለትም አለው። የብዙዎቹ ማሳያ ከ0.01 አምፒር በታች ያለውን ልዩነት አያነብም፤ ስለዚህ እንደ 0.05 አምፒር ላለ ትንሽ ከረንት ስህተቱ ስለሚጎላ ቴስተር በሴሪስ ማስገባት ግድ ነው። የሚያሳየው ቮልትም መሣሪያው አፍ ላይ ያለውን እንጂ ኤሌክትሮዱ ላይ የደረሰውን አይደለም፤ በቀጭን ገመድ ልዩነቱ ይሰፋል። አረንጓዴው መሰኪያ የመሬት መስመር ነው፤ ከጥቁሩ ጋር አይምታታ።

ለጎጃም አስተማሪዎች አንድ ነገር እናክል። ውሃ ሲበተን 1 አምፒር በ10 ደቂቃ የሚያወጣው ሃይድሮጅን በ22.4 ሊትር ስሌት (አንድ ሞል ጋዝ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በባሕር ጠለል ግፊት የሚይዘው መጠን) 70 ሚሊሊትር ነው። ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቷ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ ቱቦው ወደ 100 ሚሊሊትር ያነባል። ጥፋቱ የመሣሪያው ስላልሆነ ስሌቱን በግፊቱና በሙቀቱ ያርሙ። በጨው ውሃ አይሥሩ፣ ክሎሪን ይወጣል። ስቴንለስ ስቲልም አኖድ አይሁን፤ መርዛማ ክሮሚየም ሊለቅ ይችላል። ከባትሪ ድንጋይ የወጣ የካርቦን ዘንግ ይሻላል።

ባለ 10 አምፒሩን ለመግዛት አይጨነቁ፤ ለክፍል ሥራ 5 ይተርፋል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ገመዶቹን አገናኝተው የአምፒር ማዞሪያውን ከዜሮ እስከ 5 ያዙሩት፤ ቁጥሩ ሳይዘልና ሳይንቀጠቀጥ ካልወጣ ሌላ ያስመርጡ።