«ሁለት ሃይላንድ በረዶ ይዘሽ ነይ»

ድሬዎች፣ ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። በዚያውም የፊልም ካሜራ ያላችሁ እንድታውቋቸው።

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ሐረር ጀጎል፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሲሰፋ ነው የኖረው። ዓይኑ ደክሞ ሥራውን ሊተው ሲል ሄጄ ፎቶ አነሳሁት። በስልክ አይደለም፣ በፊልም። ፊልሙ ኢልፎርድ ፓን ኤፍ ፕላስ ነው፤ አይሶው (ብርሃን የመያዝ ፍጥነቱ) 50፣ ብዙ ብርሃን የሚፈልግ፣ ግን ጥርት አድርጎ የሚያወጣ። ሰዓቱ ግን አልተመቸኝም። ቀን 6 ሰዓት። አጎቴ ጥላ ውስጥ ጥቁር ሲንጀሩ ላይ አጎንብሷል። አጠገቡ ያለው ኖራ የተቀባ ግድግዳ ደግሞ ፀሐይ አርፎበት ዓይን ያጥበረብራል።

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ፊልም ቤቴ አጥቤ ጉድ ሆኛለሁ። የቧንቧው ውሃ 29 ዲግሪ ነበር፤ እኔ ለ20 ዲግሪ የተጻፈውን ደቂቃ ያዝኩ። ብርሃን የነካው ሁሉ ኔጌቲቩ (የታጠበው ፊልም) ላይ ድፍን ጥቁር፣ ፎቶው ላይ ባዶ ነጭ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የአጎቴን ፊልም መንካት ፈራሁ። ፓን ኤፍ ደግሞ ተነስቶ ብዙ አይቀመጥም፤ ፋብሪካው ራሱ በ3 ወር ውስጥ ይታጠብ ይላል። እኔ ፈርቼ ፈርቼ ሁለት ወር ተኩል አልፎኛል።

አንድ ጓደኛዬ ከዚራ ሰፈር ወዳሉ ጋሼ መራኝ። ድሮ ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ አሁን ቤታቸው ሆነው ጥቁርና ነጭ ፊልም ያጥባሉ። ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ ጋሼ ብዬ ልለፍ። ስደውልላቸው ስለ ፊልሙ አልጠየቁኝም።

«ቤትሽ ፍሪጅ አለ?»

«አለ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሁለት ሃይላንድ በረዶ ይዘሽ ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነይ። ከቀትር በኋላ እኔም ፊልሙም አንሠራም።»

(ከቀትር በኋላ ድሬ ምን ላይ እንደሆነች ታውቃላችሁ።)

ስደርስ ሽርጣቸውን እንዳሸረጡ ጠበቁኝ። በረዶውን ሳፋ ውስጥ ከውሃ ጋር አደረጉት፤ የመድኃኒቱንና የውሃውን ጠርሙሶች መሃሉ አቆሙ። ቴርሞሜትሩ 20 እስኪል ሻይ ጠጣን።

የሚጠቀሙበት ደቨሎፐር (ምስሉን ፊልሙ ላይ የሚያወጣው መድኃኒት) ፓይሮካት ኤችዲ ይባላል። ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ጠርሙሶች አሉት። ከየአንዳንዱ 3 ሚሊ ሊትር፣ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ። ከተቀላቀለ አየር ቶሎ ያበላሸዋል፤ ስለዚህ እዚያው ይሠሩበታል፣ ከዚያ ይደፋል። ጓንት ሳላደርግ ጠርሙሱን ልይዝ ስል እጄን ቸብ አደረጉኝ። ውስጡ ያለው ካቴኮል መርዝ ነው፤ በቆዳም ይገባል። መስኮቱም ክፍት ነበር።

የገረመኝ ግን አሠራሩ ነው። ይሄ ደቨሎፐር ፊልሙ ላይ ያለውን የብር ማዕድን አጥቁሮ ብቻ አይተውም። ብር በወጣበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ቀለም ይጥላል፤ ብርሃን ብዙ በነካበት ብዙ፣ ትንሽ በነካበት ትንሽ። የፊልሙን ጄላቲንም ልክ እንደለፋ ቆዳ ያጠነክረዋል። ፎቶው ሲታተም ያ ቀለም እንደ ስስ መጋረጃ ሆኖ ነጩን ያለዝበዋል። የፊልሙን ነጠብጣብም ይሸፍናል። ሲያጥቡ አንድ ደቂቃ ሙሉ ፊልሙ ያለበትን ታንክ አገላበጡ፤ ከዚያ በየደቂቃው 10 ሰከንድ። በመሃል ወሬ የለም። እኔ ማውራት ስጀምር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። የደቨሎፐሩ ማቆሚያ አሲድ አይደለም፣ ንጹህ ውሃ ነው። ፊክሰሩም (ምስሉን የሚያጸናው መድኃኒት) አሲድ የሌለው ነው።

ትልቁ ጭንቀታቸው ግን የመጨረሻው ማለቅለቂያ ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ሁላችሁም ፍቃችኋል አይደል? እሱ ፊልም ላይ ሲደርቅ አስቡት። ስለዚህ የሚያለቀልቁት ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ ነው፤ በአሲዱ አይደለም። «ራምቦንም ጉድ የሠራው ውሃ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ከሐረር የራሱን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ሲልክ፣ የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ እንደነጡበት ጽፎ ነበር።

ኔጌቲቩን መስኮቱ ላይ ሲይዙት ሻይ የተደፋበት ይመስላል። ደንግጬ ነበር። ሲታተም ግን አጎቴ አንገቱ ላይ ካንጠለጠለው ሜትር ጀምሮ እስከ ግድግዳው ስንጥቅ ሁሉም አለ። ለአጎቴ ወስጄ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየውና «ይሄ ግድግዳ ኖራ ይፈልጋል» አለኝ።

ለሚቸኩል ሰው ጋሼን አልጠቁምም። በአንድ ጠዋት ከሁለት ፊልም በላይ አይነኩም፤ የቀለም ፊልም አይሠሩም፤ ስልካቸው ግማሽ ቀን ዝግ ነው፤ ይቆጣሉም። የጠየቁኝ ደግሞ የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ነው። እባካችሁ የልፋታቸውን ጨምሩላቸው፤ አልቀበልም ቢሉ ሳፋው ሥር አስቀምጣችሁ ውጡ። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ መጀመሪያ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

ጋሼ፣ ይመችዎት አቦ!