ጉግል ቴስትን ሁለት ዓመት ተጠቀምኩበት፤ የታዘብኩትን ልንገራችሁ

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። እዚህ ሐዋሳ ላለ አንድ ትንሽ የቁጠባና ብድር ማህበር በሲ ፕላስ ፕላስ የክፍያ ፕሮግራም ሠራሁ። አንድም ቴስት፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትን ኮድ፣ አልነበረውም። «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» ብዬ አስረከብኩ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ አንዲት እናት የመጨረሻ ክፍያቸውን ይዘው ይመጣሉ። ገንዘብ ያዧ ቀኑን ስታስገባ ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላታል። ግራ ቢገባት መስከረም 1 ብላ መዘገበችው፤ ፕሮግራሙም ዓይኑን ሳያሽ የአንድ ቀን መቀጫ ጨመረባቸው። ከበዓሉ በኋላ ተጠርቼ ስሄድ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ያለፈው እኮ ዘመነ ሉቃስ ነው። የሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ነች። ኮምፒውተርህ ይሄን አያውቅም?»

ኮምፒውተሩ ምን በወጣው፣ ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ምንም ካልተረፈ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ የፈረንጆቹን ደንብ እንዳለ ገልብጬ። በኛ አቆጣጠር ግን 3 ሲተርፍ ነው። 2015ን ለ4 አካፍሉት፣ 3 ይተርፋል። መቀጫው ተመለሰላቸው፣ እኔም በዚያው ሳምንት ጉግል ቴስት ውስጥ ገባሁ።

ጉግል ቴስት፣ ባጭሩ ጂቴስት፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ መፈተኛ መሣሪያ ነው፣ ነፃም ነው፤ ጉግል ለሕዝብ የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። አሪፍ ነው፣ እስክትለምዱት ግን አገባቡ ትንሽ ያደክማል። ሲሜክ (ፕሮግራም መገንቢያው) ላይ ፌች ኮንቴንት የሚባለውን ተጠቅማችሁ ከጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ራሱ እንዲያወርድ ማድረግ ትችላላችሁ፣ መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው፣ ግን መመሪያውን የጻፈው ሰው የኛን መብራትና ኔትወርክ አያውቅም፤ እኔ ሁለቴ መሃል ላይ ተቋርጦብኝ በሦስተኛው ተሳካልኝ። አሁን አንዴ አውርጄ ፕሮጀክቱ ውስጥ ፎልደሩን አስቀምጫለሁ። ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለኝም። ሌላው ደግሞ ስሪቱን እዩ። የጂቴስት 1.17 ሲ ፕላስ ፕላስ 17 የሚባለውን የቋንቋውን ስሪት ይጠይቃል። የማህበሩ አሮጌ ማሽን ላይ ያለው ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ከሲ ፕላስ ፕላስ 11 አያልፍም፣ ስለዚህ 1.12 ላይ ቀረሁ፤ 11ን የሚደግፈው የመጨረሻው እሱ ነው።

የወደድኩት ቴስት ፒ የሚባለውን ነው። አንድ ቴስት ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ የሚፈተኑ እሴቶችን ዝርዝር ትሰጡታላችሁ። የኔው ዝርዝር፣ ዓመቱንና የጳጉሜን ቀናት ይዞ፣ 2011 ስድስት፣ 2012 አምስት፣ 2015 ስድስት፣ 2016 አምስት እያለ ይሄዳል። የድሮውን ኮዴን ሳልነካ አስሮጥኩት። ስክሪኑ ቀላ። የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር፣ ምን ተጠበቀ፣ ምን መጣ፣ ሁሉንም ዘርዝሮ አፈር አበላኝ። አንዲት ምልክት አስተካክዬ ደግሜ ሳስሮጠው አረንጓዴ ሆነ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። የሚያናድደው ግን ዝርዝሩ ውስጥ የወደቀውን በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚጠራው፤ 0፣ 1፣ 2 እያለ። ስም ማውጣት ይቻላል፣ ለዚያም ሌላ ኮድ ጻፉ ይላችኋል።

ውጤቱ የተጠበቀው መሆኑን የሚያረጋግጡትን ኤክስፔክት እና አሰርት የሚባሉትን ትእዛዞች ለዩ። ኤክስፔክት ሲወድቅ መዝግቦ ይቀጥላል፣ አሰርት ግን እዚያው ያቆማል። ያቆማል ስል የቆመበትን ፈንክሽን ብቻ ነው! አሰርትን ረዳት ፈንክሽን ውስጥ ካስገባችሁት ከረዳቱ ይወጣል እንጂ ቴስቱ ይቀጥላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። ለብር ሂሳብ ደግሞ ነጥብ ያለው ቁጥር ይዛችሁ ኤክስፔክት ኢኪው (እኩል መሆኑን የሚያረጋግጠውን) አትበሉ፤ 0.1 ሲደመር 0.2 ከ0.3 ጋር እኩል አይደለም ይላችኋል፣ እውነቱንም ነው። ወይ ጥቃቅን ልዩነት የሚያልፈውን ዳብል ኢኪው ተጠቀሙ፣ ወይ እንደኔ ሁሉንም በሳንቲም በሙሉ ቁጥር ያዙት።

ማንም የማያወራው ነገር ደግሞ ፊደላችን ነው። ደረሰኝ ላይ የወር ስም አምድ ሲዛነፍ ነበር፣ ቴስት ጻፍኩለት። «ጳጉሜ» ሦስት ፊደል ናት፣ ኮዱ ግን 9 ይቆጥራታል፤ ፊደል በኮምፒውተር በሚጻፍበት በዩቲኤፍ 8 ስልት እያንዳንዱ የኛ ፊደል 3 ባይት ነውና። ቴስቱ ሲወድቅ ጂቴስት መጀመሪያ የማይነበብ የቁጥርና የፊደል ዝብርቅርቅ ይተፋል። ደነገጥኩ። ከሥሩ ግን ጽሑፉን እንዳለ በአማርኛ አስቀምጦታል። ይቺን የጨመረ ሰው ቡና ይገባዋል።

ማጉረምረም ካለብኝ ኮምፓይል ማድረጉ (ኮዱን መገንባቱ) ይንቀረፈፋል። የኔ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ ሲገነባ ቡና አፍልታችሁ አቦል ትጨርሳላችሁ። ሥራችሁ አንድ ፋይል ብቻ ከሆነ ዶክቴስት የሚባለው ሌላ መፈተኛ ይበቃችኋል፤ አንድ ሄደር ፋይል ብቻ ነው፣ ጨምሮ መሄድ ነው። ሞክ (ለፈተና የሚተካ አስመሳይ ኮድ)፣ የእሴት ዝርዝር፣ ብዙ ፋይል ካላችሁ ግን ጂቴስትን ታገሡት። በቴስት ስም ውስጥ የታች ሰረዝ (_) አታስገቡ፤ መመሪያው አታስገቡ ይላል።

የቴስት ዝርዝሬ ላይ 2019ም አለ። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 ያኔ ነው፤ ያን ቀን ጠዋት ማህበሩ ቢሮ ገንዘብ ያዧ አጠገብ ቁጭ እላለሁ።