ትሬለር ለምትጎትቱ፣ ዳላስና አካባቢው፦ አንድ ጥንቁቅ ጎሚስታ ልጠቁማችሁ

መኪና የምጭንበትን ትሬለር ጎማዎች ሰሞኑን በሙሉ አስቀይሬያለሁ። የሠራልኝን ወንድማችንን በአደባባይ ላመሰግነው እወዳለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ሌላ ጎማ ቤት፣ "ልኩ 205/75/15 ከሆነ የቤት መኪና ጎማም ይሆናል" ብሎኝ ነበር። ወንድማችን ግን ጎማ ከማውጣቱ በፊት ትሬለሩ ላይ ያለውን የክብደት ሰሌዳ አነበበ። ከነጭነቱ እስከ 7,000 ፓውንድ ይላል። ከዚያ አሰላልኝ። በዚህ ልክ የተለመደው የቤት መኪና ጎማ የሚችለው 1,609 ፓውንድ ነው። ትሬለር ላይ ሲገባ ለ1.10 ይካፈልና ወደ 1,463 ይወርዳል። አራቱ ተደምረው 5,852 ብቻ። "ጋሼ፣ ሙሉ ጭነት ሲጫንበት አይችልም" አለኝ።

እሺ፣ የትሬለር ጎማ ይሁን፣ ጠንካራው ሎድ ሬንጅ ዲ (የጎማ የመሸከም ደረጃ ነው፤ ዲ ከሲ ይበልጣል) ቢሆንስ አልኩት። ያኔ ነው ሙያውን ያየሁት። ቸርኬውን አውልቆ ጀርባውን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገና የተቀረጸውን አሳየኝ፤ 1,820 ፓውንድ፣ 50 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ)። ዲ ጎማ 2,150 ፓውንድ የሚሸከመው 65 ፒኤስአይ ሲሞላ ነው። ቸርኬው ደግሞ ከ50 በላይ አይፈቅድም። በ50 ከተሞላ ዲውም የሚችለው ያንኑ 1,820 ነው፤ ሲ ጎማ የሚችለውን ማለት ነው። "ዲ ከፈለጉ ቸርኬውም አብሮ ይቀየር። አለዚያ በከንቱ ገንዘብዎን አያውጡ" አለኝ። ውዱን ሸጦልኝ ዝም ማለት ይችል ነበር እኮ!

አራት ሲ ጎማ 7,280 ይችላል። ትርፉ ጠባብ ስለሆነ፣ ሳይወስን ትሬለሩን ጭኜ ካት ስኬል (የከባድ መኪና ሚዛን) ላይ እንዳስመዝን ላከኝ። አክስሎቹ ላይ ያረፈው ከ6,000 ብዙም አላለፈም። ሲ አስገባን።

ጎማዎቹ የተመረቱበትን ሳምንትና ዓመት፣ ዶት ከሚለው ኮድ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች፣ አንድ በአንድ አሳይቶኛል። ነፋሱንም ጠዋት፣ ትሬለሩ ሳይንቀሳቀስ እንድለካ፣ መንገድ ላይ ሞቆ ቢጨምር እንዳላስተነፍስ ነገረኝ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ከልብ አመሰግናለሁ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የትሬለሩን የክብደት ሰሌዳ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።