ላይ ላዩን ብቻ የሚያበጥር ብሩሽ፦ ከ7 ወር በኋላ

ይህን የውሻ ብሩሽ የገዛሁት ሰኔ ላይ፣ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው። 850 ብር። ጫፋቸው የታጠፈ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ከጀርባው ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት የያዘውን ፀጉር ገፍቶ ያወጣል። እሱ በደንብ ይሠራል፤ እጀታውም እስካሁን አልተነቃነቀም።

ውሻዬ ጎፈሬ ፀጉሩ ረጅም ነው፤ ከሥር ደግሞ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ሌላ ፀጉር አለው። ክረምቱን ሙሉ በየሁለት ቀኑ አበጠርኩት። ላዩ ሐር መሰለ። መስከረም ላይ ከጆሮው ጀርባ ስዳብሰው እጄን ጠጣር ነገር ያዘው። ገለጥ አድርጌ አየሁት። ፀጉሩ እንደ ባና ተጠቅጥቆ ቆዳው ላይ ተለጥፏል። ብብቱም እንደዚያው። መሃሉ ላይ ጭጎጎት ተቀብሯል፤ ሥሩ ቀልቷል። አንጀቴን በላው። ለካ ዝም ብሎ ሲያመው ነው የከረመው።

የሽቦዎቹ ቁመት ሥሩ ድረስ አይደርስም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሻጩ «ወላሂ፣ የማይፈታው ቋጠሮ የለም፤ ትመርቀኛለህ» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ የቱን ቋጠሮ ፈታ? «ጫን አላደረግኸውም» ትለኝ ይሆናል። ጫን አድርጌዋለሁ፤ ቆዳውን ቧጨረው። «እጠበው» ካልክም አጥቤዋለሁ። ውሃ ሲነካው ቋጠሮው ይብሱን ጠበቀ። ፀጉር መጀመሪያ ተፈትቶ ነው የሚታጠበው። መላጨትም አለ። ኮምቦልቻ ብንሆን አላመነታም ነበር። የጥቅምት ብርድ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ደሴ ላይ ውሻ መላጨት ግን አልሆንልህ አለኝ።

የደረሰልን የብረት ማበጠሪያ ነው። ጥርሱ ግማሹ ሰፋ፣ ግማሹ ጠበብ ያለ። ቆዳው እንዳይጎተት ቋጠሮውን ከሥሩ በሁለት ጣቴ ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ። ትንሽ የበቆሎ ስታርች እነሰንስበታለሁ። ከዚያ ከጫፉ ጀምሬ ጥቂት በጥቂት ወደ ሥሩ እወርዳለሁ። መቀስ አላስጠጋም፤ ቆዳው ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ስለሚነሳ አብሮ ይቆረጣል። አራት ምሽት ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ ማበጠሪያው ከቆዳው እስከ ጫፍ ሳይያዝ ካላለፈ ጨረስኩ አልልም።

ብሩሹን አልጣልኩትም፤ ለጅራቱ ይሆናል። ለሰው ግዙ ብዬ ግን አልመክርም። የሚቆጨኝ ብሩ አይደለም፣ ያ ሦስት ወር ነው። አሁንም ብሩሹን ሳነሳ ጎፈሬ ጆሮውን አጥፎ አልጋ ሥር ይገባል። ማበጠሪያውን ሳነሳ ግን መጥቶ እግሬ ሥር ይተኛል።